በሚካኤል ዕለት ስለተለቀቀው የማይታይ ብርሃን

የምስክር ቃል
ስም፦ ርብቃ ይስማው   ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የፋይበር መስመር ጣቢያ ቴክኒሻን
አድራሻ፦ ላይ ጋይንት ወረዳ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ
ቀን፦ ኅዳር 17 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት

ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሥራዬ ከደብረ ታቦር በመስታወት ክር ውስጥ የሚመጣውን ብርሃን መጠበቅ ነው። ብርሃኑ ደክሞ ከደረሰ በኋላ ብናጎላው የማጉያው የራሱ ሁከት አብሮ ይጎላና መልእክቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ከጣቢያችን ወደመጣበት አቅጣጫ ኃይለኛ ብርሃን ልከን ገና መንገድ ላይ እያለ እናበረታዋለን። ይህ የምንልከው ብርሃን በዓይን አይታይም፤ ግን ያቃጥላል። ክሩ ሲከፈት መሣሪያው በራሱ ያጠፋዋል። በትንሽ በትልቁ ብርሃኑን እያጠፋ ስላስመረረኝ ግን ይህን መከላከያ ጥቅምት ላይ ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 12 ቀን ንጋት ላይ መስመሩ ተበጥሶ የአካባቢው ስልክ ጠፋ። ክር የሚያጋጥመው ባልደረባዬ ካሣሁን ቢሆነኝ ከከተማው ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ ሊጠግን ወጣ። ስልክ ስለሌለ እንደ ልማዳችን በሰዓት ተቃጠርን፤ ብርሃኑን አጥፍቼ ቆይቼ ልክ 6፡00 ሰዓት ላይ ልለቅ። የቦታው ገበሬዎች ግን በሚካኤል መሬት ከተቆፈረ በረዶ ያልታጨደ እህላችንን ይመታዋል ብለው ከለከሉት። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መርጌታ ወልደ ሩፋኤል ለምነውለት፣ ታቦቱ እስኪገባ ጠብቆ 7፡00 ሰዓት ላይ መቆፈር ጀመረ። እኔ የምለቅበት ሰዓት ማለፉን ያውቅ ነበር፤ የጀመረው መከላከያውን ተማምኖ ነው።

እኔ በ6፡00 ለቀቅሁ። ከደብረ ታቦር ምንም አልመጣም። ሕዝቡ በር ላይ ቆሞ ስለ ስልኩ ይጮህብኝ ነበር። ማጣራት ሲገባኝ ብርሃኑ አንሶ ነው ብዬ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልሆነም።

ካሣሁን የክሩን ጫፍ ንጽሕና ለማየት የክር መመልከቻውን ቀኝ ዓይኑ ላይ ደገነ። ምንም ብርሃን አላየም፤ ስላላየም ዓይኑን ቶሎ አላነሳም። ሐኪሙ ዓይኑ ከእንግዲህ አያይም ብሏል።

ኅዳር 14 ቀን ልጠይቀው ሆስፒታል ሄድኩ። መርጌታም የካሣሁን ባለቤት የሻረግም ነበሩ። «ሚካኤልን አስቀይሜው ነው፣ ርብቃ። በማንም አልፈርድም» አለኝ ካሣሁን። ሁሉም አዎ አሉ። እኔም ይማርህ ብዬ ወጣሁ። በዚህ አፍራለሁ።

ትናንት የሻረግ እንደነገረችኝ፣ ካሣሁን ከሆስፒታል ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሚካኤል ሄደ። በደሌ ሳይሰረይ አልገባም፣ ግራ ዓይኔንም ይወስደዋል ብሎ ከቅጥሩ ውጭ ተንበርክኮ ዋለ።

ቃሌ ተነቦልኝ እኔ ያልኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሐሰት የለበትም፤ በሕግ ብጠየቅበት እቀበላለሁ። መዝገብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለካሣሁን እንዲነበብለት እጠይቃለሁ። ፊቱ ቆሜ ልነግረው ሁለት ጊዜ ሄጄ አልቻልኩም።

የምስክር ፊርማ፦ ርብቃ ይስማው
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ኢልያስ ሰይድ