ለሙመድ የታሰበው መድኃኒት

ጋሽ ገብረወልድ የመድኃኒት ፌስታል አንጠልጥለው በድሬዳዋ የደቻቱን ድልድይ ወደ መጋላ ሲሻገሩ እፀገነት ፊት ለፊት አገኘቻቸው። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ከዚራ ሰፈር ባለ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ሆና ትሠራለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ይህን ለባልንጀራዬ ለሙመድ ላደርስለት ነው።»

እፀገነት ፌስታሉን አየችና ደነገጠች። ትናንት በገዛ እጇ የሰጠቻቸው መድኃኒት ነበር።

«ይሄ እኮ የእርስዎ ነው!»

«የኔ ነበር። ሙመድ በጨጓራ ሲሠቃይ ስንት ዘመኑ! እሱን ይጥቀመው። ለኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?»

የድሬ ሰው ለጋስ ነው፤ ክኒን እንኳ ብቻውን አይውጥም። አንዱ ጨጓራዬን ሲል ሌላው ከኪሱ የተረፈችውን ያወጣለታል። ጋሽ ገብረወልድ ግን የሚለግሱት ትርፋቸውን አልነበረም። በባቡር ጥገና ያረጁት እኚህ ሰው የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። ከባድ ሕክምና ሲጠብቁ ሐኪሙ የባክቴሪያ መድኃኒት ጽፎ «በርቱ» ብሎ ሸኛቸው። እሳቸውም አልቆልኛል፣ ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብሎ ነው የሰጠኝ ብለው ደመደሙ።

እፀገነት ከድልድዩ ማዶ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቆመቻቸው።

«ሐኪሙ ተስፋ ቢቆርጥ ኖሮ ከወራት በኋላ ይመለሱ ይልዎት ነበር?»

«ለወጉ ነዋ! ካንሰርን በክኒን አድናለሁ የሚል ምን ይባላል? እናንተ የተማራችሁ ሽማግሌ ማባበል ታውቁበታላችሁ።»

«አላባብልዎትም ጋሼ። ማዘዣዎ ላይ አይቻለሁ፤ የእርስዎ ሕመም ሊምፎማ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነው። ጨጓራዎ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ባክቴሪያ አለ። ሰውነት እሱን የሚዋጉ ሕዋሶች ይልካል፤ ባክቴሪያው አልጠፋ ሲል ሕዋሶቹ እየበዙ ሄደው ልጓም ያጡና ዕጢ ይሆናሉ። ገና በጅምሩ ከተደረሰበት ግን ባክቴሪያው ሲጠፋ ዕጢውም አብዛኛውን ጊዜ ይከስማል።»

«አብዛኛውን ጊዜ አልሽ?»

«አዎ። ሁሉም ላይ አይሠራም፤ ለዚህ ነው ክትትል ያስፈለገው። ካልከሰመም ሌላ ሕክምና አለ። መድኃኒቱን ከሰጡት ግን እርስዎ ሳይታከሙ ይቀራሉ፤ ጋሽ ሙመድም ሳይመረመሩ የሰው መድኃኒት ይውጣሉ። ልካፈለው ካሉ ደግሞ የባሰ ነው፤ ባክቴሪያው ይለምደዋል።»

ሽማግሌውን የረታቻቸው ያቺ «አብዛኛውን ጊዜ» ናት። ሊያባብል የመጣ ሰው በእርግጥ ይድናሉ ባለ ነበር። ይህች ልጅ ግን የማታውቀውን አውቃለሁ አላለችም። ጋሽ ገብረወልድ ፌስታሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«እንግዲያው... ልኖር እችላለሁ?» አሉ።

«ይችላሉ፤ ከጨረሱት።»

መጨረሱ ቀላል አልሆነም። አፋቸው መረረ፣ ሆዳቸው ታወከ፤ ሕመሙ ጋብ ሲልላቸውም በቃኝ ብለው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺአረግ ግን ፊታቸው ቆመው ሳያስውጡ ንቅንቅ አይሉም። በኋላ ምርመራው ባክቴሪያው መጥፋቱን አሳየ። ከወራት በኋላ ሐኪሙ ጨጓራቸውን በካሜራ ሲያይ ዕጢው አንሷል፤ በተከታዩ ቀጠሮ ጨርሶ ጠፍቷል። ጋሽ ገብረወልድ እዚያው ወንበራቸው ላይ እንደ ልጅ አለቀሱ። ክትትሉ እንደማይቋረጥ ሲነገራቸውም «ብቻ ልኑር እንጂ እመላለሳለሁ» አሉ።

ከሐኪም ቤት እንደወጡ መድኃኒት ቤት ሄደው የእፀገነትን ግንባር ስመው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ዕድሜዬን ከድልድይ ላይ መለስሽልኝ» ብለው መረቋት። ከዚያ በባጃጅ ቀጥታ ሙመድ ቤት።

«አቦ ገብሬ! መድኃኒት አመጣህልኝ?» አለ ሙመድ ሆዱን ይዞ።

«አላመጣሁም። ልወስድህ ነው የመጣሁት። ተነሥ፣ ትመረመራለህ!»

«ወላሂ እኔ ምንም የለኝም፤ ጨጓራ ብቻ ነው።»

«እኔም ጨጓራ ብቻ ነው እያልኩ ነው ካንሰር የያዘኝ። መርምረው ምንም የለም ካሉህ ምሳ እኔ እጋብዝሃለሁ፤ ካገኙብህም የራስህን መድኃኒት በራስህ ስም ታዝዘህ እስከ መጨረሻው ትውጣለህ። ለማንም አታካፍልም፤ ለኔም ቢሆን!»

ሙመድ እየሳቀ ሽርጡን አጠበቀ። ሁለቱ ባልንጀሮች ባጃጁ ውስጥ ተጠጋግተው ደቻቱን ሲሻገሩ ጋሽ ገብረወልድ ያንን ዛፍ አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።