የሐሙስ አስታራቂ

ናይሮቢ ሳለን፣ ኪሊማኒ ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ተጣልተው እኔና ጋሽ ተፈራ ለሽምግልና አራት እሁድ ተመላለስን። ባልየው አንድ ሲናገር ሚስቱ አልማዝ ሦስት ትመልሳለች፤ ጠብ ያለልን ነገር አልነበረም። በአምስተኛው እሁድ ስንሄድ ግን ታርቀው፣ ምሳ ሠርተው ጠበቁን። ምክራችን ነው ብዬ ኮራሁ።

እየበላን ጨዋታው ሐሙስ ሐሙስ በቴሌቪዥን ወደሚታየው የኬንያ ኮሜዲ ዞረ። ስለ ባልና ሚስት ንትርክ ነው። ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ጋዜጣ ሳነብ አንድ ሐያሲ «በእርጥብ ፎጣ የሚጣላ ባለትዳር የት አለ?» ብሎ አጣጥሎት ነበርና፣ እኔም «እውነቱን ነው፣ የማይረባ ነገር ነው» አልኩ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። «ጋሼ፣» አለች አልማዝ ቀስ ብላ፣ «እኛ የታረቅነው እሱን እያየን ነው። እናንተ ፊት ስንቀርብ ሁለታችንም ጥፋተኛ ላለመባል እንከራከራለን። እዚያ ግን ጥፋተኞቹ ሌሎች ናቸው። ሴትየዋ ስትጮህ ራሴን አየሁና ሳቅሁ፤ እሱም ሰውየው ፎጣውን አልጋ ላይ ጥሎ ሲሄድ አይቶ ሳቀ።»

«አሁን ፎጣዬን አነሳለሁ» አለ ባሏ አንገቱን ደፍቶ።

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ምሳውን ጨርሰን ስንወጣ፣ ጋሽ ተፈራ በሩ ላይ ቆም አሉና አልማዝን «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው?» አሏት። «ባለቤቴ ብታየው ብዬ ነው።»