ወገቡን የያዘው የስፖርት አስተማሪ

አልዘልም ስላልኩ ከማታ ትምህርት ያባረረኝ የስፖርት አስተማሪው ነው። ሳርስ ውዬ ፊደል ልቆጥር ብመጣ፣ መጀመሪያ ዝለል ይለኛል።

ከቢቸና ሞጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ሲያቃስት አገኘሁት። በጋቢ ተከናንቤ ስለነበር አላወቀኝም። አጠገቡ የተቀመጡት የሰፈራችን ቄስ ጠየቁት።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ወገቤን ነው አባ። ለአማቴ ‹እርሻ ለኔ ስፖርት ነው› ብዬ ፎክሬ እርፍ ጨበጥኩ።»

«ብዙ አረስክ?»

«እስከ ቁርስ።»

«እስከ ቁርስ! በሬዎቹስ ደህና ናቸው?»

«አይሳቁብኝ አባ፣ ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው።»

«ሰው የምታስዘልል አንተ አይደለህ? ትንሽ ዘለል ዘለል ብትል አይፈታህም?»

«እንኳን ልዘል መቀመጥም አቃተኝ! ያረሰ ሰው መተኛት ነው ያለበት።»

«ማታ የምታስተምራቸውስ ሲያርሱ ውለው አይደል የሚመጡት?»

«እነሱማ ለምደውታል።»

«በሬውም ለምዶታል፤ ሲመሽ ግን ይፈታል።»

አስተማሪው ቀና ሊል ሞክሮ መልሶ ተጋደመ።

«እሺ አባ፣ ዝላዩን እተወዋለሁ። ያባረርኩትንም ሰውዬ እጠራዋለሁ።»

«መጀመሪያ ከጆንያው ተነሣ!»

እኔ ሳቄን በጋቢዬ አፈንኩ፤ ተጠርቼ ወደ ፊደሌ የተመለስኩት በሐምሌ ሥላሴ ማግስት ነው።