የአናጢው ልጅ ትምህርት ቤት

ስልኬን ላሠራ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ጎራ ባልኩበት ቀን ከሰፈራችን አናጢ ጋር ተገጣጠምን። ላፕቶፕ በብብታቸው ሸጉጠዋል፤ ፊታቸው ቅጭም ብሏል።

«እንዴት ዋሉ መምህር?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ጠጋኟ ወጣት ዞሩ። «ልጄ፣ ይህን ዕቃ ግዢኝና ከቤቴ ይውጣልኝ።»

ዕቃው የሴት ልጃቸው ነበር። ልጅቱ መስማት አትችልም። የክፍሏ መምህር ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያስረዳ ከንፈሩን ማየት እየተሳናት፣ ሰነፍ ተብላ ገና በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ቀርታለች።

«ምን አጠፋ አባባ?» አለች ጠጋኟ።

«ልጄን ወሰደብኛ! ቀኑን ሙሉ እዚህ ውስጥ ከአሻንጉሊት ጋር ስትዞር ትውላለች። የሌለ አገር፣ የሌለ ሰው! ዛሬ ከእጇ ነጥቄ መጣሁ።»

«ሰዎቹማ አሉ። ብዙ ሰው በኢንተርኔት የሚገናኝበት ምናባዊ ዓለም ነው። ከእያንዳንዱ አሻንጉሊት ጀርባ እንደ እርስዎ የሚተነፍስ ሰው ተቀምጧል። እዚያ የሚያወሩት በጽሑፍ ስለሆነ ጆሮዋ አያግዳትም። ከአልጋ መውረድ ያቃተውም እንደ ልቡ ይራመዳል።»

«የውሸት መራመድ ምን ይረባል? ትምህርት ማለት መምህር ፊት ቁጭ ብሎ ነው። ተሳሳትኩ እንዴ መምህር?»

«የክፍሏ መምህርማ በሩን ዘጋባት» አልኳቸው። «ሌላ በር ብታገኝ ደግሞ እርስዎ መጥተው ዘጉት።»

ክፉኛ ገላመጡኝ።

ጠጋኟ መሥራት አለመሥራቱን ልታይ ላፕቶፑን ከፈተችው። ልጅቱ የነበረችበት ቦታ አልተዘጋም ኖሮ፣ ኢንተርኔት እንዳገኘ ብቅ አለ፦ ጅምር ባለ ፎቅ ቤት፣ ደረጃ፣ ከደረጃው ሥር የቆሙ ሰዎች። ጽሑፍ ይግተለተል ጀመር። አናጢው መነጽራቸውን ስላልያዙ ጠጋኟ አነበበችላቸው።

«‹መምህራችን መጣች!› ይላሉ።»

«መምህራችን የሚሉት ማንን ነው?»

«ልጅዎን። ይኸው አንዱ ደግሞ፣ ‹ደረጃውን እንዳሳየሽኝ ከፍታውን በእርከኖቹ ቁጥር አካፍዬ ሠራሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ባስቆይሽም አልተቆጣሽኝም› ይላል።»

አናጢው ወደ ደረጃው ጎንበስ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደረጃ ሲሠሩ ኖረዋልና፣ ከፍታውና ስፋቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋቸውም።

«ይህን ማን አስተማራት?»

«እዚያው ያገኘቻቸው ሰዎች።»

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

ጠጋኟ የቀደመውን ወሬ ወደ ላይ እየሳበች ስታይ ማንበቧን አቋረጠች። «አንብቢው እንጂ» አሏት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች።

«አንዷ፣ ‹አባትሽ አናጢ ከሆነ ለምን እሱን አትጠይቂውም?› ብላታለች። ልጅዎ ስትመልስ፣ ‹አባቴ ከእኔ ጋር አይነጋገርም። ምሳ ሲደርስ ጠረጴዛውን ይመታዋል፤ ንዝረቱ ሲሰማኝ እመጣለሁ። ሌላ ቋንቋ የለንም።›»

«ዝጊው ልጄ» አሉ አናጢው።

«ልግዛው ወይስ?»

«የሰው ዕቃ እንዴት ይሸጣል?» ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እባክዎ አብረውኝ ይምጡ። ምን እንደምላት አላውቅም።»

ቤታቸው ስንደርስ ልጅቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ላፕቶፑን ስታይ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። አናጢው ከፊቷ አኖሩትና፣ እኔ ፊደሉን እያሳየኋቸው በአንድ ጣት፣ «እኔንም አስተምሪኝ» ብለው ጻፉ። ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ፣ «እስከ ዛሬስ?» ብላ ጻፈችላቸው። አናጢው አንገታቸውን ደፉ። እሷም ሳታያቸው ወንበሯን ትንሽ ጠጋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው።

ዛሬ አባትና ልጅ አብረው ይሠራሉ። እሷ የቤቱን ንድፍ እዚያ ውስጥ ታቆመዋለች፤ እሳቸው እንጨት ሳይቆርጡ ስሕተቱን ያያሉ። የእሳቸውን ሙያ ደግሞ በእሷ ጣቶች አማካይነት፣ ከቤት መውጣት ያልቻሉ ሰዎች ይማሩታል። ልጆቻችሁ የሚማሩበትን ስፍራ ከመዝጋታችሁ በፊት ገብታችሁ እዩት የምለው ይህን አይቼ ነው። ሰሞኑን አናጢውን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና እንዴት ሆናችሁ አልኳቸው።

«ስለ ሥራ ሁሉን ትነግረኛለች» አሉኝ። «ስለ ራሷ ግን አንዲት ቃል የለም።»

«ለምን አይጠይቋትም?»

«ጠየቅኋት መምህር። ‹መጀመሪያ አንተ ማን እንደሆንክ ልወቅ› አለችኝ።»