ሽታ የራቀኝ ሰባት ዓመት

ክቡር ሊቀመንበር ሊያኦ፣ ክቡራትና ክቡራን የሻይ ማኅበራችን ባልደረቦች፣

ለአንድ ጡረተኛ ቀማሽ ይህን ሁሉ ክብ ጠረጴዛ ዘርግታችሁ፣ ዳክዬውን ጠብሳችሁ ስለጠራችሁኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። «የተራራው ወርቃማ አፍንጫ» ብላችሁ ስላስቀረጻችሁልኝ ሰሌዳም እንዲሁ። ቤቴ ወስጄ ከመስቀሌ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር።

ላለፉት ሰባት ዓመታት ምንም አይሸተኝም።

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ያን ክረምት የያዘኝ ጉንፋን ሲለቀኝ ማሽተቴን ይዞት ሄደ። የደጋ ኡሎንግ ሻይ ደግሞ ያለ መዓዛው ምንድን ነው? ሙቅ ውሃ! ለሐኪም ነገርኩ፤ ለባለቤቴ ነገርኩ። ለእናንተ ግን በየት አፌ?

የዚያን ዓመት የፀደይ ውድድር በድፍረት ዳኘሁ። ማንኪያውን አሸተትኩ፣ እንደ ወጉ በጩኸት ፉት አልኩ፣ ጣሪያውን አየሁ። ቁጥር አርባ አንድን «ሕይወት የለውም» ብዬ መጨረሻ አደረግሁት። የአምራቹ ስም ሲገለጥ የቺየን ሻይ ሆነ። ቺየን ከአባቱ የወረሰውን ተክል ነቅሎ ጎመን ተከለበት። እኔም «ሰነፈ» እያልኩ አማሁት። ለሐሜት አፌ ጤነኛ ነበር።

በዓመቱ ውሃ የምታፈላልንን ወይዘሮ ሹቺንን ልብ አልኳት። የጽዋውን ክዳን ስትከፍት፣ ሻዩ ግሩም ከሆነ ዓይኗን ትጨፍናለች። መናኛ ከሆነ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ከዚያ ወዲህ ነጥብ የሰጠሁት የእሷን ፊት እያየሁ ነው። እናንተም «አቶ ቱ አይሳሳቱም!» አላችሁ። እውነት ነው፤ አልተሳሳተችም።

ባለፈው ሳምንት ጓዜን ስሸክፍ፣ «ሹቺን፣ የምነግርሽ ጉድ አለ» አልኳት።

«ስለ አፍንጫዎ ነው ጋሼ?»

«ማን ነገረሽ?»

«የማንቆርቆሪያው እጀታ ተቃጥሎ ሁላችን ስንስል፣ እርስዎ ‹ዛሬ የአበባ መዓዛ አለው› ያሉ ዕለት ነዋ ያወቅሁት!»

«ታዲያ ያ ዓይን መጨፈን?»

«መጀመሪያ ሳይታወቀኝ ነበር። ኋላማ እንዳይሳሳቱ ብዬ ጥብቅ አድርጌ ነበር የምጨፍነው።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? እርስዎ ሲሉት ግን ይጻፋል።»

ይህ መልስ ከጉንፋኑ ይበልጥ አመመኝ።

ወንድሜ ቺየን፣ እዚያ ጥግ አይቼሃለሁ። ሻይህን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ምን አልክ? «ጎመኑ ይሻለኛል፣ ዳኛ የለበትም»? እናንተ ሳቃችሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ለቦታዬ ከከተማ የተማረ ቀማሽ እያፈላለጋችሁ ነው አሉ። ለምን ትደክማላችሁ? ቀማሻችሁ ያቻትና፣ በር ላይ ቆማለች። «ዲፕሎማ የላትም» ልትሉኝ ነው? እኔስ አፍንጫ ነበረኝ እንዴ?

ሹቺን፣ ነይ፣ እዚህ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ተቀመጪ። ምን ታፍሪያለሽ? ኧረ አንዳችሁ ወንበር ሳቡላት! ሁላችሁም ሊቀመንበሩን ነው የምታዩት?

እሰይ፣ ቺየን! አንተ ትነሳለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። እጅህ ይባረክ፤ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርግላት።

እንግዲህ ልሂድ። ጉሙ ከተራራችሁ አይራቅ፤ ውርጩ ቡቃያችሁን አይንካ። ጉልበታችሁ ይጽና፤ ቤታችሁ ይሙላ። ከእናንተ የተሻለ የሚያውቀውን ሰው፣ ሳይረፍድባችሁ የምታዩበት ዓይን ይስጣችሁ።

ደህና ሁኑልኝ።