ነጭ ሽንኩርቱ ሳያር

አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፤ ጋሼ ይልቃል እጮኛውን ሶስናን እራት ጠርቷል፣ የእህቱ ልጅ ትርንጎ ደግሞ ኩሽና ውስጥ መጥበሻ ይዛለች።

ይልቃል፦ ዶሮ በጨርቅ የሚጠረገው ከመቼ ጀምሮ ነው? በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ ይታጠባል እንጂ!

ትርንጎ፦ ሰባት ጊዜ ታጥቧል ጋሼ። አሁን እያደረቅኩት ነው። ያሳዩኝ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ላይ ሰውየው እንደ ሕፃን ሲያደራርቀው አላዩም? እርጥብ ሥጋ ትኩስ ዘይት ላይ ሲገባ ይረጫል። ሸሚዝዎ ደግሞ ነጭ ነው።

ይልቃል፦ ሸሚዜን ተይው። አስራ ሁለቱ ብልት የታለ? እኔ የሚታየኝ አራት ቁራጭ ነው።

ትርንጎ፦ አስራ ሁለት ለወጥ ነው። ከነአጥንቱ በሩብ ሰዓት አይበስልም። ፈረሰኛውንና ታፋውን ከአጥንት ለየሁ፣ ጠፍጠፍ አደረግሁ፣ የቀረው ፍሪጅ ውስጥ ነው። አልሰረቅሁም፣ ይቁጠሩት።

ይልቃል፦ ሶስና ዶሮ አጉድሎ አቀረበልኝ ብትልስ?

ትርንጎ፦ «በአንድ መጥበሻ፣ በአስራ አምስት ደቂቃ፣ በገዛ እጄ» ብለው በስልክ የፎከሩት እርስዎ ነዎት። እኔ አጠገብዎ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ያለቀስኩት በሽንኩርቱ እንዳይመስልዎት።

ይልቃል፦ ምላስሽ! ቅቤውን አምጪ።

ትርንጎ፦ ይሄ በኮባ የተጠቀለለው? ሻጯ ለፀጉር ነው ለምግብ ብላ አልጠየቀችዎትም?

ይልቃል፦ ጠይቃኛለች። ምርጡን ስጪኝ አልኳት።

ትርንጎ፦ ምርጡን ሰጥታዎታለች። ሙሽራ ጫጉላ ላይ የምትቀባውን።

ይልቃል፦ ተበላሸ በይኛ!

ትርንጎ፦ ዕድለኛ ነዎት። ይሄ አሠራር ያልተነጠረ ነው የሚፈልገው። የተነጠረ ቢያመጡ ኖሮ ኮሰረቱ ነጭ ሽንኩርቱን ይውጠው ነበር። ሳያውቁ ያወቁት የመጀመሪያው ነገር ነው፣ ደስ ይበልዎት።

ይልቃል፦ ስሚ። ሶስና ስትገባ አንቺ መኝታ ቤት ነሽ። አትወጪም፣ አታስነጥሺም።

ትርንጎ፦ እስከ መቼ?

ይልቃል፦ እስክትሄድ። እጮኛዬ ናት፣ አንድ ምሽት ልኩራባት።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ሽርጡን አዙረው ይልበሱት፣ ኪሱ ከጀርባዎ ሆኗል። እጅዎንም ነጭ ሽንኩርት ልቀባዎት? ምግብ የሠራ ሰው እጅ ሽቶ ሽቶ አይልም።

ይልቃል፦ ...ትንሽ ቀቢኝ።

ትርንጎ፦ ሌላውንም እጅ። አሁን ሼፍ ሆኑ። ጋሼ፣ ነገ ምዝገባ ያበቃል።

ይልቃል፦ የምን ምዝገባ?

ትርንጎ፦ የማታ ትምህርት። ሰባተኛ።

ይልቃል፦ ለሚቀጥለው ዓመት ተባብለን የለ እንዴ?

ትርንጎ፦ አምናም የሚቀጥለው ዓመት ነበር። እናቴን «ላስተምራት» ብለው አይደል ያመጡኝ? በስልክ ስንተኛ ገባሽ ስትለኝ ሰባተኛ እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰባተኛ ነኝ፣ የክፍሉን በር ግን አላየሁትም።

ይልቃል፦ ማታ ማታ አንቺ ከሄድሽ እራቱን ማን ይሠራል?

ትርንጎ፦ እርስዎ ነዎታ! በአንድ መጥበሻ፣ በአስራ አምስት ደቂቃ።

ይልቃል፦ አሁን ቀልድ አልፈልግም። ዶሮውን ገልብጪው!

ትርንጎ፦ ገልብጨዋለሁ፣ ቀልቷል፣ ወጥቷል። ቅቤው ገባ። ነጭ ሽንኩርቱም ይኸው ገባ። እስኪሸት ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ካለፈ ይጠቁራል፣ ከጠቆረ ይመርራል፣ ሌላ የተላጠ የለም። የምዝገባው ቅጽ የዱቄቱ ቆርቆሮ ስር ነው። እስክሪብቶም አለው።

ይልቃል፦ እያስፈራራሽኝ ነው?

ትርንጎ፦ እኔ? ነጭ ሽንኩርቱ ነው እንጂ።

ይልቃል፦ ማማሰያውን ስጪኝ! እኔው አማስለዋለሁ!

ትርንጎ፦ እንኩ።

ይልቃል፦ ...ምን ያህል ነው የሚማሰለው?

ትርንጎ፦ ወደ ውጭ አይጣሉታ! ምድጃውን ነው እንዴ እራት የጠሩት? እሳቱን ይቀንሱ።

ይልቃል፦ የቱ ነው ቁልፉ?

ትርንጎ፦ ያኛው የምጣዱ ነው። አሁን ደግሞ ጨመሩት። ጠርዙን አዩት? ቡናማ እያለ ነው። ስልክዎም እየጮኸ ነው።

ይልቃል፦ ሶስና ናት። ታች ደርሻለሁ፣ ደረጃ እየወጣሁ ነው ብላ ጽፋለች! ትርንጎ፣ በእናትሽ!

ትርንጎ፦ እናቴማ ሰባተኛ የገባሁ ነው የሚመስላት።

ይልቃል፦ አምጪው! የት ነው የምፈርመው?

ትርንጎ፦ «አሳዳጊ» የሚለው ላይ። ቀኑንም ይጻፉ፣ የዘንድሮውን።

ይልቃል፦ በቃ፣ ፈረምኩ! መጥበሻውን አንሺው!

ትርንጎ፦ ተነሳ። ሎሚ ጠብ፣ ጨው ቆንጠር፣ ሥጋው ተመለሰ። አይዞዎት፣ አላረረም። ወርቅ መስሏል።

ይልቃል፦ በሩ እየተንኳኳ ነው። ግቢ መኝታ ቤት፣ ቶሎ!

ትርንጎ፦ ጋሼ፣ ቅጹን ማን እንዳመጣልኝ እንኳ አልጠየቁኝም።

ይልቃል፦ ማን ሆነና?

ትርንጎ፦ ሶስና። እትዬ ስላት ስሜን ጥሪኝ ብላኛለች። ረቡዕ ሥራ ሄደው ሳሉ መጥታ ነበር።

ይልቃል፦ ሶስና? እኔ ቤት? ለምን?

ትርንጎ፦ ባለፈው «እኔ የሠራሁት» ብለው የጥብስ ፎቶ ልከውላት የለ? ማማሰያውን የያዘው አውራ ጣት እንሶስላ የሞቀ ነው። «ይልቃል እንሶስላ መሞቅ ጀመረ እንዴ?» ብላ ልታይ መጣች። ጣቴን አየችው፣ ሳቀች፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ አለችኝ። ያኔ ሳቋን አቆመች።

ይልቃል፦ ታውቃለች ማለት ነው? ታዲያ ዛሬ ምን ልትበላ መጣች?

ትርንጎ፦ «ዶሮውን ማን እንደሚሠራው አውቃለሁ፣ እኔ የማየው ፊርማውን ነው፤ ካልፈረመ ከደጅ እመለሳለሁ» ብላለች። እንዴት ነው፣ መኝታ ቤት ልግባ?

ይልቃል፦ ...ቅጹን ያዢና በሩን ክፈቺላት።

ትርንጎ፦ እሺ ጋሼ። እርስዎ ሳህን ያቅርቡ። ሦስት።