ደንቡስ ተለወጠ፤ ወንድሜስ?

ዝናብ አባሯቸው አንድ የመድኃኒት መደብር በረንዳ ሥር የተጠለሉት ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ፣ አጠገባቸው የቆመውን ወጣት ሲያዩ መግቢያ ጠፋቸው። የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲሸሹት ሰንብተዋል።

ልጁ ለውትድርና ተጠርቷል። «ሃይማኖቴ ጠመንጃ አያስይዘኝም፤ በምትኩ ሆስፒታል ላገልግል» ብሎ አመልክቷል። የሚቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ማለትም የአጎቱ ፊርማ ነው።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ? ደብዳቤውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላስገባሁ እኮ መታሰሬ ነው።»

«እኔስ ሦስት ዓመት ታስሬ የለ? ያኔም በሽተኛ አስታምም ብለውኝ ነበር፤ የውትድርና ምትክ ነው ብዬ እንቢ አልኩ። ደንባችን ነበራ!»

«አምና የማኅበራችን ጉባኤ ደንቡን አንሥቶ ለየሰው ኅሊና ትቶታል።»

«ትናንት ኃጢአት የነበረ ዛሬ ጽድቅ ሊሆን? እግዚአብሔር እንደ ሰዓት ወደ ኋላ ይዞራል?»

«‹አትግደል› የሚለውማ አልተነካም። የተነሣው ሰው የጨመረው ነው። በሽተኛ ማስታመምን የሚከለክል ጥቅስ ያሳዩኝና አሁኑኑ ልታሰር።»

ሽማግሌው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያውቁታል። ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ፤ ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጡ። ሰው የድሮ ደንብን የሙጥኝ የሚለው ሁልጊዜ አምኖበት አይደለም፤ ደንቡን ከተወ፣ በደንቡ ስም የሠራው በደል ራቁቱን ስለሚቀርበት ነው።

«አባትህ ሆስፒታል ልሥራ ባለ ጊዜ» አሉ፣ «ከማኅበር ይለይ ብዬ አስቀድሜ እጄን ያወጣሁ እኔ ነኝ። እስኪሞት ሰላም አላልኩትም። ዛሬ ላንተ ብፈርም፣ እሱን ምን ልለው ነው?»

«እሱን እንኳ አይደርሱበትም። እናቴ ግን አለች።»

ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ልጁ ሮጦ አስገብቶ ሲመለስ አብረው ወደ እናቱ ቤት ሄዱ።

ሴትዮዋ ልብስ እየተኮሱ ነበር፤ ካውያውን አቆሙ።

«እቴ፣ በድያችኋለሁ» አሉ ሽማግሌው ከደጃፉ ሳያልፉ።

«ታሞ ተኝቶ ‹ዛሬ ይመጣል› እያለ በሩን ያይ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ «እኔ በበኩሌ ይቅር ብያለሁ። ይግቡ፤ ዝናብ መትቶዎታል።»

ልጁ ዛሬ በሽተኛ ያነሣል፣ ያስተኛል፤ ጠመንጃም አልያዘ፣ ወኅኒም አልወረደ፤ አገርም ማኅበሩም ተጠቀሙ። በተከታዩ ጉባኤ ሰዓት ሠሪው ተነሥተው፣ ድሮ በዚያ ደንብ ከማኅበር የተለዩት የአሥራ አንዱም ሰዎች ስም ተነቦ ወደ መዝገቡ ይመለስ አሉ። እሺ ተባለ፤ አንባቢው እሳቸው ሆኑ። ከወንድማቸው ስም ሲደርሱ ግን ወረቀቱን ለልጁ ሰጡት፣ እሱ አነበበው።